ሊፕስቲክ ለማኅደር

መናኸሪያው አጠገብ ሙሽሮችን የምታስውበው ሴት ከጠዋት ጀምሮ ልቧ አላረፈም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ማኅደር፣ ሊፕስቲክ ካልተቀባሁ ብላ ተነሥታባታለች።

«የሰው ልጅ ስታሳምሪ ትውያለሽ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ነው እጅሽ የሚያጥረው?»

«አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርሺ ትቀቢያለሽ።»

«ያኔማ አርጅቻለሁ።»

እናት ናትና ሥራ ቤቷ ገብታም ሐሳቡ አልለቀቃትም። ብሩሹን ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ብከለክላት ተደብቃ ብትቀባስ? ብፈቅድላት ደግሞ የጎረምሳ ዓይን ቢያርፍባትስ? በቃ፣ አሥራ አምስት ሲሞላት ልበላት ይሆን እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት፣ አንዲት ሴትዮ ነጠላ ያከናነበቻትን ሙሽራ እየመራች ገባች።

«አክስቷ ነኝ። እንግዲህ እጅሽን አሳዪን የኔ እመቤት፤ ያያት ሁሉ አሥራ ስምንት ሞልቷታል እንዲል አድርገሽ አሳምሪያት» አለችና ነጠላውን ከልጅቷ ራስ ላይ ገፈፈችው።

ሙሽራዋ ቀና አለች። ትምህርት ቤት ከማኅደር ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ናት።

«እትዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የማኅደር የሒሳብ ደብተር እኔ ጋ ቀርቷል። ሰኞ ፈተና አለን።»

«ምነው ቆምሽ?» አለች አክስቲቱ። «ሚዜዎቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው።»

አስዋቢዋ ጠረጴዛውን የሞሉትን ቀለሞች አንድ በአንድ ከደነቻቸው።

«ቀለም አልቆብኛል» አለች።

በአንድ እጇ የልጅቷን እጅ እንደያዘች፣ በሌላው በሩን ለአክስቲቱ ከፈተችላት።