ከግርጌ የበቀለችው ቀንበጥ

ግላውኮ መቀሱን ከወይኑ ግንድ ግርጌ ወደበቀለችው ቀጭን ቀንበጥ ያስጠጋል። አማቱ ኦዶሪኮ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያያል። «ተው!» ሊል አፉን ይከፍታል።

«ብራቮ!» ይላል አፉ።

ባለፈው መስከረም ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ የቀረችለት ቃል ይህችው ናት። ሲርበውም ብራቮ፣ ሲያመውም ብራቮ። አርባ ዓመት በጎሪዚያ ላቲን ያስተማረ ሰው! «ፑታሬ» የሚለውን ግስ ብቻ ሦስት ቀን ያስተምር ነበር። የጥንቶቹ ሮማውያን መጀመሪያ ማጥራት ይሉበት ነበር፤ ቀጥሎ ወይን መግረዝ፣ ከዚያ ማስላት፣ በመጨረሻም ማሰብ። «እኛ ግን መግረዙን ይዘን ማሰቡን ጣልነው» እያለ ተማሪዎቹን ያስቅ ነበር።

«ሰማሽ ኢላሪያ? አባትሽ አመሰገነኝ!» ግላውኮ ወደ መስኮቱ ይጮኻል። ትሪየስቴ ውስጥ መኪና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ልቡ ደግ፣ እጁ ፈጣን። «ከሥር የሚበቅል ሁሉ ሌባ ነው ይሉ የለ ፕሮፌሶሬ? የዋናውን ጉልበት ይመጠምጣል!»

እውነቱን ነው፣ ለሌላ ወይን ቢሆን። ይህን ግንድ የተከለው የኦዶሪኮ አባት ነው፣ ከምርኮ በተመለሰ ዓመት። አሁን ውስጡ በስብሷል። ኦዶሪኮ ባለፈው ሰኔ ይህን አይቶ በቀንበጧ ሊተካው አቆያት። በመጋቢት ራሴ እገርዘዋለሁ ብሎ ስላሰበ ለማንም አልተናገረም።

ደህናውን እጁን አንሥቶ ያወዛውዛል። ግላውኮ ሰላምታ መስሎት በመቀሱ ይመልስለታል።

ኢላሪያ በመስኮት ብቅ ትላለች። «አባዬ፣ በረደህ እንዴ?»

አንቺ እንኳ ተረጂኝ ሊላት ይፈልጋል። «ብራቮ» ይላታል፤ እንባው ይወርዳል። «ብራቮ! ብራቮ!»

«ደስ ብሎት እኮ ነው» ትላለች ልጁ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «በል ቶሎ ጨርስና ይግባ፣ ብርድ ነው።»

ቀጭ።

ግላውኮ ቀንበጧን አምጥቶ ጭኑ ላይ ያስቀምጥለታል። «ይኸው ሌባዋ! ለምድጃችን ትሆናለች» ብሎ ግንባሩን ይስመዋል።

አፈር ውስጥ ቢሰኳት ሥር ትሰዳለች። ይህንንም ኦዶሪኮ ያውቃል። ከተቆረጠው ጫፍ ውሃ ጠብ ይላል፤ ኦዶሪኮ አውራ ጣቱን ይጭንበታል። ኢላሪያ ወጥታ ወንበሩን ወደ ቤት እየገፋች ቀንበጧን ልትቀበለው ትሞክራለች፤ ጡጫው አይፈታም።