ባለቤት ያጣው ሹራብ

ውሃ በነፍስ ወከፍ መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ አስከሬኑ እስኪገኝ ድረስ ማንም ከራሽን አይሰረዝም። ስለዚህ «ንጋት» የተባለችው ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ከሰጠመች በኋላም አብሯት የሰጠመው የሽመክት የውሃ ጀሪካን በየማለዳው እየመጣ ሚስቱንና በሽተኛ ልጁን በሕይወት አቆይቷል። ዛሬ ግን ሁለት ጠላቂዎች ሕይወታቸውን ገብረውባት መርከቧ ከነሬሳዎቿ ወጣች።

የእድሩ ዳኛ አቶ ድንበሩ የሽመክትን ሚስት እታፈራሁን ደግፈው ወደቡ አደረሷት።

«አይዞሽ ልጄ፣ ድንኳን ተክለናል። አልቅሰሽ ስትቀብሪው ይወጣልሻል።»

የሬሳ መዝጋቢዋ አንዱን ሬሳ የሸፈነውን ሸራ ገለጠች። እታፈራሁ ለባሏ በእጇ የሠራችውን አረንጓዴ ሹራብ አየች፤ የመጣባትን እሪታ ዋጠችው።

«ባልሽ ነው?»

«አይደለም።»

አቶ ድንበሩ ደንግጠው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ምን ነካሽ? ሽመክትን እኔም አጣሁት?»

«ልጄስ ምን ትጠጣ፣ ጋሼ?» አለች በጆሯቸው።

ከዚያ ጎንበስ ብላ የሹራቡን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈች።

«ካላወቅሽው ምን ያነካካሻል?» አለች መዝጋቢዋ።

«የሰው ልጅ አይደል? ይበርደዋል።»

አቶ ድንበሩ ወደ መዝጋቢዋ ዞሩ። «አይደለም ብላለች፤ ጻፊ እንጂ!»

ቀጣይዋ ሴት ቀረበች። ከማለዳ ጀምሮ አርባ ሬሳ ተገልጦ፣ በዚያ ዳርቻ አንዲት ሴት እንኳ አላለቀሰችም።