አብሮ የጠፋው ቃል
"ይኸው፣ ድረ ገጹ አሁንም አሮጌውን ሱቅ ነው የሚያሳየኝ!" አለች እናትየው፣ የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። ሱቁ ከተዛወረ ሰንብቷል፤ ልጇም የድረ ገጹን ፎቶ ጠዋት ቀይራው ነበር። "ገጹማ ተቀይሯል፣ እማዬ። ኮምፒውተርሽ ነው ድሮ ያስቀመጠውን ቅጂ እያወጣ የሚያሳይሽ። እሱን ካጠፋንበት አዲሱን ሄዶ ያመጣል።" ኮምፒውተሩ የሚጠፋውን ምረጪ ሲላት ልጅቷ ሳታመነታ ሁሉንም መርጣ ተጫነች። አዲሱ ሱቅ ከነሰማያዊ በሩ ከች አለ።

እናትየው ደስ ብሏት የደንበኞቿን መልእክት ልታይ ኢሜይሏን ስትከፍት፣ የይለፍ ቃሉ ቦታ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ልጅቷ ክው አለች። ያን ቃል ያወጣው አባቷ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ማሽኑ ራሱ ይሞላው ስለነበር ማንም ጽፎት አያውቅም። "ጉድ ሠራሁሽ፣ እማዬ! አብሮ ጠፋ።"

"እስቲ ተነሺልኝ።" እናትየው ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና በግራ እጇ የፊደል ገበታውን ከለለች። የቀኝ ጣቷ አልቸኮለም፤ አልተሳሳተምም። መልእክቶቹ ተከፈቱ።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

"አባትሽ ለብቻችን ስንሆን ይጠራኝ የነበረበትን ስም። ዘወር በይ፣ ደግሞ አትዪኝ።"