አንድ ፒክስል ወደ ውስጥ

ፎቶ አቀናባሪዋ ገና ኮምፒውተሯን ስታበራ ሰውየው ገባ። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ዓይኑ ቀልቷል። አንድ የሠርግ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ወንድሜ ነው» አለ፣ ቀይ መጋረጃ ፊት ከቆሙት መካከል የሚስቀውን እያሳየ። «ብቻውን አውጪልኝ። ለሐዘን ማስታወቂያ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ጋዜጣው ቢሮ ካልደረሰ የነገው ያመልጠናል፤ ዘመድ ሳይሰማ መቅረቱ ነው።»

«ነፍስ ይማር። ሌላ ፎቶ የለውም?»

«ሁሉም ስልኩ ውስጥ ነው። ስልኩ ደግሞ እኔ ጋ የለም።»

ወንበር ሰጠችውና ሥራዋን ያዘች።

መቁረጡስ ቀላል ነው፤ መከራው ጠርዙ ነው። ፎቶ ውስጥ ሰው አልቆ መጋረጃ የሚጀምርበት ቁርጥ ያለ መስመር የለም። መሀል ላይ የሁለቱንም ቀለም የቀላቀሉ ፒክስሎች፣ ማለትም ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሱ ነጥቦች አሉ። ቆርጣ ነጭ ላይ ብታስቀምጠው፣ ቀይ ክር ዙሪያውን ከቦት ብቅ አለ።

«ተቃጥሎ ሞተ እንዲሉ ነው እንዴ?» አለ ሰውየው።

«ቆይ ጋሼ፣ ገና ነው።»

ጠርዙን አለሰለሰችው፤ ትከሻው እንደ ጉም ተነነ። ማለስለሻውን ቀነሰች፤ በመቀስ የተቆረጠ ካርቶን መሰለ። አምስት ሰዓት ሆነ። ሰውየው እጁን ከማፍተልተል በቀር የሚያደርገው ጠፋው። እሷም ላብ ላብ አላት።

«ጸጉሩ አስቸገረኝ» አለች።

«እሱ መቼ ማበጠሪያ ይወዳል! እናታችን ለምና ለምና ተወችው» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

 የገዛ አባቷ ሲሞት ጋዜጣ ላይ የወጣው ፎቶ፣ ትከሻው ላይ የሌላ ሰው ጣት ቀርቶበት ነበር። ለቀስተኛው ሐዘኑን ትቶ ጣቱን ሲያይ ዋለ። ይህን ሙያ ማንም ሳያስተምራት የተማረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ይሄኛው ሟች እንዲያ አይሆንም።

የመረጠችውን ክፍል አንድ ፒክስል ወደ ውስጥ አጠበበችው፤ የተቀላቀሉት ነጥቦች ውጭ ቀሩ። ከዚያ ግማሽ ፒክስል ብቻ አለሰለሰች። ጸጉሩን አንድ በአንድ መከተሉን ትታ ጫፍ ጫፉን በጸጉር መለያው ብሩሽ ዳበሰችው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ዘለላዎቹን ለቅሞ አወጣ። ጥቁር ላይ አየችው፤ ነጭ ላይ አየችው። አንዲት ቀይ ክር የለም።

ለስድስት አሥር ጉዳይ ሆኗል።

ሰውየው ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ብዙ አየ። «ለብቻው የተነሳ ነው የሚመስለው» አለ። «ማንም ነገር አያነሳም።»

«እግዜር ያጽናዎት ጋሼ» አለች። ፎቶውን ለጋዜጣው ቢሮ በኢሜይል ላከችለትና፣ ሂሳብ አልቀበልም ብላ እስከ በሩ ሸኘችው።

ማስታወቂያው በማግስቱ ወጣ። እሷም አንዱን ጋዜጣ ገዝታ፣ ጠርዙን አየት አድርጋ፣ ደስ አላት።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት አቧራ የለበሰ መንገደኛ እያለከለከ ገባና ያንኑ ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቀና ብላ ስታየው፣ ያ ያልተበጠረ ጸጉር፣ ያ ከመጋረጃው የለየችው ፊት ነው።

«እህቴ፣ ጉርድ ፎቶ አንሺኝ፤ የዛሬው ቀን ይጻፍበት» አለ። «ከመንገድ ብመለስ ወንድሜ ቤቴን ወርሶ ቆልፎታል፤ መሥሪያ ቤት ስሄድ ደግሞ በሕይወት ለመኖርህ ማስረጃ አምጣ አሉኝ።»