ሁሉም በአንድ ድምፅ

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚይዝ ሁሉ በአንድ ዓይነት ድምፅ መናገር ግዴታው ከሆነ ቆይቷል፤ የከተማዋ ማሽኖች ከዚያ ሌላ ድምፅ አይሰሙም። ድምፁ ጉሮሮ ውስጥ አንዴ ከተተከለ ደግሞ አይነቀልም። የደሴዋ ዘምዘም ስትመኘው የኖረችው የባቡር መሐንዲስነት ሥራ ሲመጣላት፣ ድምፁን ለመሞከር አንገት ላይ የሚለጠፈውን ልጣፍ አድርጋ ዓይነ ስውሩ አባቷ አቶ ይማም ዘንድ ገባች።

«አባባ፣ እንዴት ዋሉ?»

አቶ ይማም ከመደቡ ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «ይግቡ የኔ እመቤት። ልጄን ፈልገው ከሆነ አሁን ትደርሳለች።»

ዘምዘም ልጣፉን ከአንገቷ መንጭቃ ጣለችና እቅፋቸው ውስጥ ገባች። «እኔ ነኝ አባባ! በቃ፣ አልሄድም።»

አባቷ ፀጉሯን ዳበሱ። «ሂጂ ልጄ። በዚህ ሥራ ስትቃዢ ያደግሽው እዚሁ ጎኔ ተኝተሽ ነው። ብቻ ስትደውዪልኝ ቶሎ አትናገሪ።»

ድምፁን አስተክላ ሄደች። አዲስ አበባ በገባች በመጀመሪያው ምሽት ደወለችና ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች።

አቶ ይማም ትንፋሿን ጥቂት አዳመጡ።

«ዘምዘሜ» አሉ፤ «እራት በላሽ?»

ዘምዘም እንባዋን እየዋጠች፣ የሚያዩዋት ይመስል ራሷን ነቀነቀች።