ጨው ቀማሹ

በፍልሰታ ጾም ግቢው ውስጥ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል የሚቀምስ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በጨጓራቸው የሚያሳብቡት ጋሽ ደምሰው። ስለዚህ ጎረቤታቸው እልፍነሽ ወጥ በሠራች ቁጥር ጨው የምታስቀምሰው እሳቸውን ነው። ወጡ ልክ ቢሆንም "ትንሽ ይቀረዋል" ይላሉ። እሷም እጇን ጨው ዕቃው ውስጥ ከትታ ነስንሳ፣ በእንጀራ ጨልፋ ደግማ ታቀርብላቸዋለች። "አሁንም ጥቂት…" ሦስተኛው ላይ ሲጠግቡ "አሁን ልክ መጣ!" ብለው ይሄዳሉ።

የልጇ እጮኛ አባት ከክፍለ ሀገር መጥተው ምሳ የሚበሉባት ዕለት እልፍነሽ ጥድፊያ ላይ ነበረች። ጋሽ ደምሰው የምስር ወጡን ቀምሰው ደነገጡ። ጨው የሚባል ነገር አልነካውም።

"እልፍነሽ፣ የምሬን ነው፤ ጨው የለውም!"

"እሺ ጋሼ" አለች ፈገግ ብላ። እጇን ጨው ዕቃው ውስጥ ከትታ ነሰነሰች። ቀመሱ፤ ያው ነው።

"ኧረ በማርያም ጨምሪ!"

ጨመረች። አሁንም ያው ነው። በዓይናቸው እያዩ ሁለት ጊዜ የተነሰነሰ ጨው ምላሳቸው ላይ አልደርስ ሲል ላብ አጠመቃቸው። በቃ፣ ምላሴ አልቆለታል አሉ በሆዳቸው።

"ልክ መጣ" አሉ በቀጭን ድምፅ።

በዘጠኝ ሰዓት እንግዳው አንድ ጉርሻ ጎርሰው ቆም አሉ። "የኔ ልጅ፣ ትንሽ ጨው ይኖር ይሆን?"

እልፍነሽ አብረው ማዕድ ወደቀረቡት ጋሽ ደምሰው ዞራ አፈጠጠች።

"ውይ ጋሼ! የእውነትዎን ነበር እንዴ? እኔ እኮ ሁልጊዜም ባዶ እጄን ነው የምነሰንሰው!"