ያማራት የጎረቤት ድስት

ባዶ ሳህን ይዤ ጎረቤቴ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ እጄ ግን ማንኳኳቱን እንቢ ብሏል። ከኋላዬ ባለቤቴ ወሰንየለሽ የአፓርታማችንን በር ገርበብ አድርጋ፣ በጋቢ ተጠቅልላ ታየኛለች። አንኳኳ እንጂ ትለኛለች በዓይኗ።

ጉዱን ያመጣው የገዛ አፌ ነው። ከወር በፊት እዚሁ በር ላይ ቆሜ ነበር። ዲር ፓርክ ካለው ሥራዬ ሺፍቴን ጨርሼ ደክሞኝ ስገባ ኮሪደሩን የሚከረፋ ሽታ ሞልቶት አገኘሁና ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት አፍንጫዬን ይዤ "ስሜል፣ ኖ ጉድ" አልኳት። ከቬትናም የመጣች፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ አጠር ያለች ሴት ናት፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔም ያንሳል። አንገቷን ደፍታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሽታው ጠፋ። ኬንሲንግተን ሰፈር ላሉት ጓደኞቼ ሁሉ፣ መብቱን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ሰነበትኩ።

ለካ ሴትዮዋ መሥራቱን አልተወችም። እኔ ሥራ ወደምሆንበት ወደ ቀትር አዙራው ኖሯል። ቀትር ላይ ቤት የምትውለው ደግሞ ወሰንየለሽ ናት።

ወሰንየለሽ የሦስት ወር እርጉዝ ናት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ምንም አልረጋላትም፤ ሽሮው አስመለሳት፣ ዳቦው አስመለሳት፣ ውሃ ራሱ አስመለሳት። ሐኪሙ እስከ ሰኞ ኪሎዋ ካልጨመረ ሆስፒታል ተኝታ በግሉኮስ ትቆያለች፣ ለጽንሱም ያሰጋል ብሎናል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ከሥራ ሲክ ሊቭ ወስጄ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ያ ሽታ በበሩ ሥር ገባ። ፎጣ ልወትፍበት ስነሳ እጄን ያዘችኝ።

"ተወው። እሱ ነው ያማረኝ" አለች። "ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ አፍሬ ነው ያልነገርኩህ።"

ስሙን የማታውቀው፣ ከምን እንደሚሠራ የማታውቀው፣ በምላሷ ነክታው የማታውቀው ምግብ አማራት። አገር ቤት ቢሆን ቀላል ነበር፤ የጎረቤት ወጥ እርጉዝ ሴት ሸተታት ከተባለ ባለድስቷ ራሷ ጨልፋ ትልክላታለች። እዚህ ግን ባለድስቷን ያሸማቀቅኳት እኔው ነኝ።

አንኳኳሁ።

ሴትዮዋ ከፈተችና አየችኝ። ፊቷ ተለዋወጠ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ "ሶሪ፣ ሶሪ" እያለች ወደ ኋላ ሮጣ ምድጃውን አጠፋች፤ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ በፎጣ እንፋሎቱን ወደ ውጪ ታርገበግበው ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴን የምታህል ሴት በገዛ ቤቷ እኔን ፈርታ ትሯሯጣለች።

አታጥፊው ለማለት ቃሉ ጠፋኝ። ድስቱን አመለከትኩ፣ ሳህኔን አመለከትኩ። ይባስ ብሎ ድስቱን የምወስድባት መስሏት ነው መሰለኝ ክዳኑን በሁለት እጇ ያዘች።

ያኔ ወሰንየለሽ በጎኔ አልፋ ገባች። ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ አየሩን በአፍንጫዋ ስባ ዓይኗን ጨፈነች። ሴትዮዋ ሆዷን አየች፤ የከሳ ፊቷን አየች።

"ቤቢ?"

"ቤቢ" አለች ወሰንየለሽ።

ከዚህ በኋላ እኔን ከቁጥር ያስገባኝ የለም። ሴትዮዋም በልቤ አንቱ ሆኑ። ወሰንየለሽን ክንዷን ደግፈው አስቀመጧት፤ ምድጃውን መልሰው ለኮሱ፤ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ነጭ ሩዝ ሞልተው ከትንሿ የሸክላ ድስት አንድ ቁራጭ ዓሣ አወጡበት። ስኳር ጠቁሮ እስኪወፍር ከዓሣው ጋር ተቁላልቷል፤ ቁንዶ በርበሬም ተነስንሶበታል። ስኳርና ዓሣ በአንድ ድስት፣ ሰው ቢነግረኝ አላምንም። የሚበላባቸውን ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ሰጧት፤ ወሰንየለሽ ወደ ጎን አድርጋቸው በእጇ ጎረሰች።

እኔ ባልዲ ፍለጋ ዓይኔ ይንከራተታል። ሁለተኛ ጎረሰች። ሦስተኛ።

ምን ቢያደርጉበት ነው እንዲህ የሆነው? ወደ ድስቱ አንገቴን ሳሰግግ ሴትዮዋ ጥያቄዬ ገባቸውና ከቁምሳጥን ቡናማ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ አውጥተው ከፈቱልኝ። ሳሸተው ያው የኮሪደሩ ሽታ ነው፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጠብ አደረጉልኝ መዳፌ ላይ። ይሉኝታ ይዞኝ ላስኩት። ጨው ነው፣ ከጨውም በኋላ ዓሣ ነው፣ ከዓሣውም በኋላ ስም የማላወጣለት ነገር አለው። ሳላስበው መዳፌን ደግሜ ላስኩ።

ሩብ ሰዓት አለፈ። ሳህኑ ባዶ ነው፤ የበላችው ሁሉ ሆዷ ውስጥ አለ። ማልቀስ ዳዳኝ። ሴትዮዋን ይቅርታ ልላቸው ፈለግሁ፤ የማውቀው ቃል "ሶሪ" ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ እሳቸው ጨርሰውታል። ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። እሳቸውም ዝቅ ብለው እጅ ነሱኝ።

ልንወጣ ስንል ወሰንየለሽ እጅጌዬን ያዝ አደረገች።

"ነገ ምን እንደሚሠሩ ጠይቅልኝ።"

ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለ ነገ ምግብ ስታነሳ ሰምቻት አላውቅም። ድስቱን እያሳየሁ "ቱሞሮ?" አልኩ።

ሴትዮዋ የነገው ይኸው ነው እንደማለት ከፍሪጅ ውስጥ ክንድ የሚያህል፣ ጭቃ የነካው የሚመስል ሥር አውጥተው አጠቡት፤ ጫፉን በቢላዋ ቆረጡት። ውስጡ ነጭ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ክብ ክብ ቀዳዳዎች ዞረውታል። ሰው የበሳው ነው ወይስ እንዲሁ የበቀለ፣ አላወቅሁም። ወሰንየለሽ ቁራጩን ተቀብላ አገላበጠችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አንዱን ዓይኗን ጨፍና በቀዳዳው ተመለከተች።